ቀለም የማይፈጭበት ድንጋይ

አንድ ድንጋይና ቀርከሃ የሚቀርጽ ባለሙያ በጥንቷ ቻይና፣ በአንዲት ወንዝ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ታኦ ይባላል። እጁ የተባረከ ነው። የሩዝ ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ ሽማግሌ፣ የሽማግሌውን በትር፣ በትሩ ላይ ያረፈችውን ወፍ ይቀርጻል ይሉት ነበር። ትንሽ ተጋኗል፤ ግን ብዙም አልተጋነነም።

ታኦ የሚሠራው ለምሁራን ጠረጴዛ ነው። በዚያ አገር የተማረ ሰው ጠረጴዛ እንደ ሙሽራ ይሸለማል። ብሩሾቹ የሚቆሙበት፣ ደንና ጠቢባን የተቀረጹበት የቀርከሃ ዕቃ አለው። እርጥብ ብሩሽ የሚጋደምበት አምስት ጫፍ ያለው ትንሽ ተራራ አለው። ሲጽፉ እጅጌ ቀለሙን እንዳይነካ አንጓ የሚያርፍበት የተቀረጸ ፍላጭ አለው። ወረቀት የሚጫን አንበሳ አለው፤ ውሃ ጠብ የምታደርግ እንቁራሪትም አለችው። የሁሉም አለቃ ግን የቀለም ድንጋዩ ነው። የዚያ አገር ቀለም ከጥቀርሻና ከሙጫ የተሠራ፣ ጣት የሚያህል ደረቅ ዘንግ ነው። ጸሐፊው ድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ያደርግና ዘንጉን እያዞረ ያሸዋል፤ ውሃው ሲጠቁር ያን ጊዜ ይጽፋል። ለዚህ ሲባል የድንጋዩ መሐል ልሙጥ መሆን አለበት። ባለሙያዎቹ ያን ልሙጥ ቦታ «እርሻው» ይሉታል። ዳር ዳሩን የፈለጉትን ይቀርጹበታል፤ እርሻው ግን አይነካም።

ታኦ ይህን እያወቀ ነው የነካው።

በከተማዋ ፋንግ የሚባል ዳኛ ነበር። ዳኛ ነውና አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አልለውም፤ ታሪኩን ስትጨርሱ ትፈርዱልኛላችሁ። ፋንግ ጉቦ አይበላም፤ ሰው አይሳደብም፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰው ይጠነቀቀው ነበር። እሱ የሚወደው ጠረጴዛውን ነው። ጠዋት ችሎት ሲገባ ከባለጉዳዮቹ በፊት ዕቃዎቹን ያያል። ተራራውን ትንሽ ወደ ግራ ይገፋል፤ አንበሳውን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ራቅ ብሎ ያይና ደግሞ ይመልሰዋል። በዚህ መሐል ደጅ የሚጠናው ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል።

በዚያ አውራጃ አንድ የቆየ ደንብ ነበር። ድሮ አንድ ጸሐፊ በዳኛ ስም የሐሰት ፍርድ እየጻፈ ብዙ ቤት አፍርሷል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ፍርድ፣ ዳኛው ራሱ በሰው ፊት በገዛ ድንጋዩ ቀለም ፈጭቶ በእጁ ካልጻፈው፣ ፍርድ አይባልም። ድሃን ለመጠበቅ የወጣ ጥሩ ደንብ ነበር። ጥሩ ደንብ ግን ግድ የሌለው ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን አሁን ታያላችሁ።

ታኦ ሌይ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ሌይ ድንጋይ ፈላጭ ነው። ምርጡ የቀለም ድንጋይ የሚገኘው ተራራ ሥር፣ ውሃ በሚቋጥር ጠባብ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ፣ ሌይና ጓደኞቹ ውሃውን በእንስራ እየቀዱ፣ በደረታቸው እየተሳቡ ይገባሉ። በዚህ የተነሳ ሌይ ደረቱን ያመዋል፤ ሲስቅ እንኳ ያስለዋል። አባታቸው ከሞተ በኋላ ታኦን ያሳደገው፣ መሮ የገዛለትና ለባለሙያ ያስረከበው እሱ ነው። አንድ ክረምት ሌይ ከዋሻው ሐምራዊ፣ እንከን የለሽ ድንጋይ ይዞ ወጣ። ታኦም ዳር ዳሩን በደመና አስጊጦ ለዳኛ ፋንግ ሠራው። መሐሉ የመዳፍ ያህል ልሙጥ ነበር። ጠብታ ውሃ ካረፈበት ቀለሙ ራሱን እየሰጠ ይወጣ ነበር አሉ።

ፋንግ ከዚያ በፊት ይጠቀምበት የነበረውን፣ አንዳች ቅርጽ የሌለበትን ተራ ድንጋዩን ወዲያው ወደ ጓዳ ላከው። ወጥ ቤቷም በጨው ውሃ የምትዘፈዝፈው ጎመን እንዳይንሳፈፍ መጫኛ አደረገችው።

አዲሱን ድንጋይ እንግዶች አዩት፤ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ፋንግ ምስጋና ሲሰማ ሌላ ምስጋና አማረው። ታኦን አስጠራና፣ ደመና ያለ ዘንዶ ምን ይሠራል፣ አንድ ዘንዶ ጨምርበት አለው። ታኦ ከእርሻው ዳር ትንሽ ቆርሶ ዘንዶ ጨመረ። በሌላው ወር ዓሣዎች ተፈለጉ። ከዓሣዎቹ በኋላ የውሃ አበባ፣ ከአበባው በኋላ ትንሽ ጎጆና በጎጆዋ ደጃፍ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ መጣ። በእያንዳንዱ ቅርጽ እርሻው ይጠባል። ታኦ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም መሬት መሬት እያየ፣ ቦታው እያነሰ ነው፣ ቀለም ለመፍጨት ያስቸግርዎታል አለ። ፋንግ ሳቀ።

«የሚያርስ ገበሬ ሞልቷል» አለው፤ «እንዳንተ የሚቀርጽ ግን አንድ ነው።»

ታኦ ይህን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ በልቡ እየደጋገመው ሲቀርጽ ሰነበተ።

ከዚያ ወዲህ ፍርድ እየቀነሰ መጣ። ቀለም በቅርጹ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ዘንዶውን ያበላሸዋል ብሎ ፋንግ ድንጋዩን ማርጠብ ፈራ። የድንበር ጠብ ከበዓል በኋላ ይታያል ተባለ። በዓሉ አለፈ፤ ከመኸር በኋላ ይታያል ተባለ። ባሏ የሞተባትን፣ የባሏ ወንድሞች ከቤቷ ያስወጧትን ሴት ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሳት ሁለት ጊዜ ሩዝ ተተክሎ ሁለት ጊዜ ታጨደ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው አነጋገር ያኔ አልተፈለሰፈም እንጂ እሱንም ይሏት ነበር። ታኦ ይህን ሁሉ ያያል። ግን የሰው ጉዳይ ነው፤ የእሱ አይደለም። ሁላችንም እንደዚህ አይደለንም?

ጉዳዩ የእሱ የሆነው በመኸር ወራት ነው። ሌይ አንድ ማታ ከዋሻው ሲመለስ ድንጋይ የያዘ ከረጢት ተሸክሞ በመንግሥት ጎተራ በኩል አለፈ። በማግስቱ ከጎተራው ሩዝ መሰረቁ ታወቀ። አንድ ዘበኛ ከረጢት የተሸከመ ሰው አይቻለሁ አለ፤ ሌይ ታሰረ። እስር ቤቱ ከወንዙ ዝቅ ብሎ ያለ ሥፍራ ነው። ወለሉ ጭቃ፣ ግድግዳው ላብ ነው። የታመመ ደረት ይዞ እዚያ የሚገባ ሰው ክረምቱን ማለፉ ያጠራጥራል።

ታኦ አበደ። ወደ ዳኛው ሮጠ። ፋንግ በእርጋታ ሰማው፤ ጉዳዩ እንደሚጣራ ነገረው። ከዚያም ድንጋዩን ወደሱ ገፋ አደረገና፣ መሐል ላይ ጥፍር የምታህል ባዶ ቦታ እንደቀረች፣ እዚያች ላይ አንዲት ትንሽ ሸርጣን ብትኖር ሥራው ሙሉ እንደሚሆን አጫወተው። ወንድምን ከእስር ለማስፈታት የመጣ ሰው ለዳኛ ሸርጣን እምቢ ይላል? ታኦ እጅ መንሻ መሰለው። ልቡን ቢያለዝብልኝ ብሎ ድንጋዩን ቤቱ ወሰደ። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የምታምረውን፣ እግሮቿ የሚንቀሳቀሱ የሚመስሉትን ሸርጣን በሦስት ቀን ሠርቶ መለሰ። ፋንግ እንባ ቀረሽ ደስ አለው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የወንድሙ መፈቻ ሊጻፍ የሚችልበትን የመጨረሻዋን ልሙጥ ቦታ ታኦ በገዛ እጁ ቆፍሮ ጨረሳት።

አሥር ቀን አልሞላም፣ እውነተኛው ሌባ ተያዘ። የጎተራው ጠባቂ ራሱ ነበር። የተሰረቀው ሩዝ ከአልጋው ሥር ተገኘ፤ በሰው ፊትም አመነ። ታኦ እየሮጠ ችሎት ደረሰ። የችሎቱ ጸሐፊም ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ ብሩሹን አቅርቦ ጠበቀ። ዳኛው አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነበረበት፤ ሌይ ንጹሕ ነው፣ ይለቀቅ።

ፋንግ ዘንጉን አነሳ፤ ድንጋዩን አየው። ወደ ደመናው አስጠጋው፤ መለሰው። ወደ ዘንዶው አስጠጋው፤ መለሰው። ሸርጣኗን አየ፤ ዘንጉን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ዛሬ አይመችም አለ።

ታኦ በማግስቱ መጣ። በሦስተኛው ቀንም፣ በሳምንቱም መጣ። ጸሐፊው በራሱ ድንጋይ ቀለም ልፍጭና ልስጥ ብሎ ጠየቀ፤ ፋንግ ደንቡን ጠቀሰ። ፍርድ ያለ ዳኛው ድንጋይ አይጻፍም። ሕግ ነው፤ እኔ ሕግ አልጥስም አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ንጽሕና ብታዩት ደግ ሰው ነው ትሉ ነበር። ለታኦ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት።

በሁለተኛው ወር ታኦ የድሮው ድንጋይ ትዝ አለው። በጓሮ ዞሮ ወጥ ቤቷን ለመናት። ደግ ሴት ናት፤ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከጎመኑ ጋን ውስጥ አወጣችለት። ድንጋዩ ምንም አልሆነም። መሐሉ እንዳለ ልሙጥ ነው። የዳኛው የገዛ ድንጋይ ነው፤ ደንቡም አይጣስም። ታኦ ጎመን ጎመን የሚሸተውን ድንጋይ ታቅፎ ችሎት ገባና ተንበረከከ። ፋንግ አፍንጫውን በእጅጌው ሸፈነ።

«ይህን ነው እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጠው?» አለው። «ሰው ምን ይለኛል?»

ድንጋዩ ወደ ጓዳ ተመለሰ። ታኦ ከዚያ ወጥቶ ወደ እስር ቤት ሄደ። በመስኮቱ በኩል ወንድሙን ጠራው። ሌይ ለመመለስ ሞከረ፤ ሳሉ አላስጨረሰውም። «ሰው ምን ይለኛል» አለ ፋንግ። ሰው በጭቃ ላይ ደም እየተፋ ነው፤ እሱ ስለ ጎመን ሽታ ያስባል። እስቲ አሁን አንቱ በለው ትሉኛላችሁ?

በሦስተኛው ወር ከዋና ከተማ አንድ ትልቅ እንግዳ መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ በጽሕፈታቸው የታወቁ፣ አውራጃዎችን እየዞሩ የሚጎበኙ ሹም ናቸው። የፋንግ ጠረጴዛ ወሬ ደርሷቸው ሊያዩት ፈለጉ። ፋንግ እንቅልፍ አጣ። ዕቃዎቹን በሐር አስጠረገ፤ ባለሙያውን ላሳይዎ ብሎም ታኦን ንጹሕ ልብስ አስለብሶ ጥግ አቆመው። ታኦ የቆመው ግን ለሌላ ነገር ነው። ትልቅ ሰው ፊት አንዲት ቃል ለመናገር ቀዳዳ ይፈልጋል።

አዛውንቱ የብሩሽ ማቆሚያውን አዩ፤ አደነቁ። ተራራውን አዩ፤ አደነቁ። ድንጋዩን አነሱ። ወደ ብርሃኑ ይዘውት ደመናውን፣ ዘንዶውን፣ ዓሣዎቹን፣ አበባውን፣ ጎጆዋን፣ ሸርጣኗን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ፋንግ አጠገባቸው ቆሞ ሊበርር ምንም አልቀረው። ከዚያ አዛውንቱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና፣ ለዚህ ቤት መታሰቢያ ሁለት መስመር ልተውለት ብለው ዘንጉን አነሱ። ከእንቁራሪቷ ውሃ አንጠባጠቡ። ውሃው ወደ ዓሣዎቹ ፈሰሰ። ዘንጉን ወዲህ አሉት፣ ወዲያ አሉት፤ እየተንገጫገጨ አላስኬድ አላቸው።

«የሚፈጨው የቱ ጋ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

አዛውንቱ ድንጋዩን እንደገና አዩት፤ ነገሩ ገባቸውና ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለክፋት አልነበረም፤ እውነትም የሚያስቅ ነገር ነው፤ ወንድም ላልታሰረበት ሰው። ፋንግ ግን እንደ በርበሬ ቀላ። ያ ሁሉ ዓመት የለቀመው ምስጋና በአንድ ሳቅ ሲበተን አየ። ኀፍረቱን የሚያራግፍበት ሰው ፈለገ፤ ታኦ ወደቆመበት ጥግ ዞረ።

ይህ ሰው የመንግሥትን ዕቃ አበላሽቷል፣ ሠላሳ ጅራፍ ይገረፍ አለ።

ጸሐፊው ፈራ ተባ እያለ ደንቡን አስታወሰው። ይህም ፍርድ ነውና፣ ዳኛው በገዛ ድንጋዩ ቀለም ፈጭቶ ካልጻፈው አይጸናም። ፋንግ አንዲት ቅጽበት እንኳ አላሰበም።

«የጓዳውን ድንጋይ አምጡ» አለ።

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ያ ድንጋይ፣ ያ የሚሸተው፣ ያ ለጠረጴዛ የማይመጥነው ድንጋይ እኮ ነው። ወጥ ቤቷ ከጎመኑ ላይ አንስታ በውሃ ለቅለቅ አድርጋ አመጣችው፤ አንበሳውና ተራራው ገለል ተደርገው ቦታ ተለቀቀለት። ስለ ሽታው ቃል የተናገረ የለም። ፋንግ ሁለት ጠብታ ውሃ አደረገ፤ አሸ፤ ቀለሙ ጥቁር ሆኖ መጣ። ሠላሳ ጅራፍ ብሎ ጻፈ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ለአዛውንቱ የተቀዳላቸው ሻይ ገና እንፋሎቱ አልጠፋም ነበር። ከሁለት ወር በላይ አይቻልም የተባለው ይኼ ነው።

ሁሉም ታኦን አዩት። ማረኝ ይላል ብለው ጠበቁ። ታኦ ተንበረከከ፤ ዓይኑ ግን ጅራፉን የያዘው ሰው ላይ አልነበረም። የሚያየው ድንጋዩን ነው።

«ጌታዬ፣ ቀለም ተርፎዎታል» አለ። «ሳይደርቅ የወንድሜንም ይጻፉልኝ።»

አዛውንቱ የወንድሙ ጉዳይ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊው ወለሉን እያየ ተናገረ፤ ሰውዬው ንጹሕ መሆኑን፣ ሌባው ተይዞ ካመነ ከሁለት ወር ማለፉን፣ አንድ መስመር ብቻ እንደቀረ። አዛውንቱ ሳቃቸውን ዋጡ።

«ታዲያ ምን ይጠበቃል?»

ፋንግ የሌይን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። ብሩሹን በተረፈው ቀለም ነከረና ጻፈ። ሌይ ንጹሕ ነው፣ ይለቀቅ። ቀለሙ በቃ፤ እንዲያውም ትንሽ ተረፈ።

የታኦ ግርፋት ግን አልተሰረዘም። አዛውንቱ አንዲት ቃል ቢናገሩ ይቀር ነበር፤ ግን ምሳ ቀርቦ ነበርና ወደ ምሳ ገቡ። ስለዚህ እሳቸውንም አላደንቅም። ታኦ በግቢው ውስጥ ሠላሳውን ተቀበለ። ሲገረፍ አልጮኸም አሉ። የሚጮኽበት ምክንያት አልታየውም ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች በጋሪ ላይ በሆዱ አስተኝተው ወደ እስር ቤቱ ደጃፍ ወሰዱት። ሌይ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘ ወጣ። ጢሙ አድጓል፤ ብርሃን ዓይኑን ወጋው። ጋሪው ጎን ተቀምጦ የወንድሙን ጀርባ አየ፤ ማን እንዲህ እንዳደረገው ጠየቀ። ታኦ ሁሉንም ነገረው። ስለ ደመናው፣ ስለ ዘንዶው፣ ስለ ሸርጣኗ፣ ስለ ጎመኑ ድንጋይ ነገረው። ዳኛውን ብቻ ወቅሶ ማለፍ ይችል ነበር፤ ሌይ ያምነው ነበር። አላደረገውም። ድንጋዩን እኔ ነኝ የጨረስኩት አለ።

ሌይ ረጅም ጊዜ ሳለ። ከዚያ ጠየቀው።

«መጀመሪያውኑ እርሻው አይነካም ማለት ምን ገደደህ?»

ታኦ ፊቱን ወደ ጋሪው እንጨት አዞረ።

«ሲያሞግሰኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

ሌይ ወደ ዋሻው አልተመለሰም። ደረቱ አልዳነም፤ ሁለተኛውን ጸደይ ሳያይ ሞተ። ፋንግስ? በዓመቱ ወደ ትልቅ ከተማ ተሾመ። አዛውንቱ ስለ እሱ ሲጠየቁ ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ነው ብለው መሰከሩለት አሉ። ጠረጴዛው በአሥራ አንድ ሳጥን ታሽጎ ተከተለው። የጎመኑን ድንጋይ ግን አልወሰደውም። ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት እስከዚያ ቀን ፍርድ አላገኘችም፤ እሷን የሚገርፍ ፍርድ አልተፈለገም ነበርና።

ታኦ መቅረጽ አልተወም፤ መተውም አልነበረበትም። ቅርጽ ምን አጠፋ? የሚያምር ነገር የሰው ጠላት አይደለም። ወንድሙ ከሞተ በኋላ ግን ከእሱ ድንጋይ ያሠራ ሁሉ መሐሉ የመዳፍ ያህል ልሙጥ ሆኖ ያገኘዋል። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ጨምርበት ሲሉት እምቢ አለ፤ ተቆጥተው ሄዱ። እንደ ድሮው ብዙ የሚያሞግሰው አልነበረም።

ትምህርቱን እንዲህ ብዬ ልጨርስ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራውን ሲረሳና ጌጡ ሲበዛ፣ ያ ጌጥ የተቀረጸው ከሰው ዕድሜ ላይ ነው። የቆረሰው ዳኛው ብቻ አይደለም። እያወቅን፣ ለአንዲት ሙገሳ ስንል፣ አንድ ደመና አንድ ዘንዶ እያልን መሮአችንን ያዋስን ሁሉ አብረን ቆርሰናል። ደግሞም «ደንቡ አይፈቅድም» የምትለዋን ቃል ስትሰሙ ወዲያው አትመኑ። ደንቡ የሚፈቅድ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሹሙ ራሱ የተናደደ ዕለት ነው።

አንተም አንባቢ፣ ምናልባት ትንሽም ብትሆን ወንበር አለችህ። ዛሬ በርህ ላይ ለቆመው ሰው «አይቻልም» ያልከው ጉዳይ፣ የምትጠላውን ሰው የምትቀጣበት ቢሆን ኖሮ ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?